ኤስኤስ ሜሬዲት ቪክቶሪ

ኤስኤስ ሜሬዲት ቪክቶሪ በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ እ.ኤ.አ. በ1945 የተሠራች የጭነት መርከብ ነበረች። ከስሟ በፊት ያለው «ኤስኤስ» በእንፋሎት ኃይል የምትሄድ የንግድ መርከብ መሆኗን ያመለክታል። መርከቧ በዋናነት የምትታወቀው በኮርያ ጦርነት ጊዜ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1943 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 23 ቀን 1950)፣ በሰሜን ኮርያ ከሚገኘው የሁንግናም ወደብ 14,000 ያህል ስደተኞችን በአንድ ጉዞ ጭና በማውጣቷ ነው። የተሠራችው ዕቃ ለማመላለስ ስለነበር ከራሷ መርከበኞች ሌላ ቦታ የነበራት ለ12 መንገደኞች ብቻ ነው። ጊነስ የዓለም ክብረ ወሰን ድርጅት ይህን ጉዞ በአንድ መርከብ ብዙ ሕዝብ ከየብስ የወጣበት ጉዞ ብሎ መዝግቦታል። መርከቧ ከዚያ በኋላ በቪየትናም ጦርነት አገልግላ በ1993 በቻይና ፈርሳለች።

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስያሜ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የንግድ መርከቦችን በየቀኑ ያሰምጡ ስለነበር፣ አሜሪካ ከሚሰምጠው በላይ መሥራት አለብኝ ብላ ተነሣች። መጀመሪያ የተሠሩት «ሊበርቲ» የተባሉት ሲሆኑ ቁጥራቸው 2,710 ደርሷል። ቀጥሎ የመጣው የተሻሻለው ዓይነት «ቪክቶሪ» ማለትም «ድል» ተባለ፤ ከዚህኛው 531 መርከቦች ተሠርተዋል።

የመጀመሪያዎቹ ቪክቶሪ መርከቦች የተሰየሙት በአሜሪካ አጋር አገሮች ስም ነበር። ከእነዚህ መካከል «ኢትዮጵያ ቪክቶሪ» የተባለች መርከብ መኖሯን ብዙ ሰው አያውቅም። ቀጥሎ የአሜሪካ ከተሞች ስም፣ ከዚያም የኮሌጆችና የዩኒቨርሲቲዎች ስም ተሰጣቸው። ሜሬዲት ቪክቶሪ ስሟን ያገኘችው በሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ በራሊ ከተማ ከሚገኘው ሜሬዲት ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ አነስተኛ የሴቶች ትምህርት ቤት ነው።

አሠራር

መርከቧ የተሠራችው በሎስ አንጀለስ ይገኝ በነበረው የካሊፎርኒያ መርከብ ግንባታ ኮርፖሬሽን (በአጭሩ «ካልሺፕ») ነው። ርዝመቷ 139 ሜትር፣ ወርዷ 19 ሜትር ያህል ነበር። ለንጽጽር ያህል፣ አንድ የእግር ኳስ ሜዳ ርዝመቱ 105 ሜትር ገደማ ነው።

ሊበርቲ መርከቦች በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይሄዱ ስለነበር ለሰርጓጅ መርከብ ቀላል ዒላማ ነበሩ። ቪክቶሪዎች ግን በእንፋሎት ተርባይን ስለሚሠሩ ከ28 እስከ 31 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይጓዛሉ። ሌላው ለውጥ የሚገኘው በመርከቡ የጎን አጥንቶች ላይ ነው። በሊበርቲ አጥንቶቹ በየ76 ሴንቲ ሜትር የተደረደሩ ስለነበሩ አካሉ ግትር ሆኖ በማዕበልና በብርድ የተሰነጠቁ ነበሩ። በቪክቶሪ ርቀቱ ወደ 91 ሴንቲ ሜትር ከፍ ተደረገ፤ መርከቡም ከማዕበሉ ጋር ትንሽ እንዲተጣጠፍ ተፈቀደለት። ጠንካራ ለማድረግ አጥንት መቀነሱ መጀመሪያ ግራ ያጋባል፤ ነገር ግን የማይታጠፍ ነገር ይሰበራል።

ለዚህ ታሪክ ግን ከሁሉ የሚበልጠው የዕቃ ክፍሎቿ ናቸው። ከላይኛው ወለል በታች አምስት ሰፋፊ ክፍሎች ነበሯት፤ እያንዳንዱም ክፍል በውስጡ እንደ ፎቅ በደርብ የተከፋፈለ ነው። ዕቃው የሚወርደው ከላይ በሚከፈት ሰፊ አፍ ሲሆን፣ በመርከቧ ላይ የተተከሉት ክሬኖች ከወደቡ አንሥተው ወደ ውስጥ ያወርዱታል። በክፍሎቹ ውስጥ ማሞቂያ፣ መብራት፣ ውኃም ሆነ መጸዳጃ የለም፤ ሣጥንና በርሜል እነዚህን አይፈልግምና።

ሥራ የጀመረችው በሐምሌ 1945 ነው። ጃፓን እጅ መስጠቷን ያስታወቀችው በኦገስት አጋማሽ በመሆኑ፣ ለጦርነቱ ተሠርታ ጦርነቱን ያየችው ለጥቂት ሳምንታት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ብዙ ቪክቶሪ መርከቦች ለግል ኩባንያዎችና ለውጭ አገሮች ተሸጠዋል፤ ሜሬዲት ቪክቶሪ ግን የአሜሪካ መንግሥት ንብረት ሆና ቀረች።

ወደ ኮርያ

ጁን 25 ቀን 1950 የሰሜን ኮርያ ጦር ወደ ደቡብ ሲዘምት፣ ያለ ሥራ ቆመው የነበሩት የጭነት መርከቦች በአስቸኳይ ተፈለጉ። ሜሬዲት ቪክቶሪም ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የጭነት ማመላለሻ ክፍል ተመደበች። ነገር ግን የጦር መርከብ አልሆነችም። የምትተዳደረው ሙር-ማኮርማክ በተባለ የመርከብ ኩባንያ ሲሆን፣ ሠራተኞቿም ሲቪል መርከበኞች ነበሩ። ካፒቴኗ የፊላደልፊያ ተወላጅ የሆነው የ36 ዓመቱ ሌናርድ ላሩ ነበር። ላሩ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደ ሶቪየት ኅብረቷ ሙርማንስክ ወደብ ስንቅና መሣሪያ ያመላልሱ በነበሩ መርከቦች ላይ ሠርቷል። ያ መስመር በወቅቱ ከነበሩት ሁሉ አደገኛው ከሚባሉት አንዱ ነበር።

በ1950 መጸው የተባበሩት መንግሥታት ጦር ሰሜን ኮርያን አልፎ ወደ ቻይና ድንበር ተጠጋ። በኖቬምበር መጨረሻ ግን የቻይና ሠራዊት በብዛት ገብቶ በቾሲን የውኃ ማጠራቀሚያ ሐይቅ ዙሪያ የነበረውን ጦር ከበበው። በከባድ ብርድ እየተዋጋ ወደ ባሕር ያፈገፈገው የአሜሪካ 10ኛ ኮር ሁንግናም ወደብ ላይ ተሰበሰበ። በየብስ ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ስለነበር መውጫው ባሕር ብቻ ሆነ።

ወደቡ ላይ የደረሰው ጦር ብቻ አልነበረም። ከተባበሩት መንግሥታት ጦር ጋር የሠሩ፣ ክርስቲያኖች፣ ወይም ጦርነቱን የሸሹ የሰሜን ኮርያ ሰዎች ከነቤተሰባቸው በበረዶ ላይ እየተጓዙ መጡ። የኮሩ አዛዥ ጄኔራል ኤድዋርድ አልሞንድ መጀመሪያ የነበረው ዕቅድ ወታደሩንና መሣሪያውን ማውጣት ነበር። የአልሞንድ የሲቪል ጉዳዮች አማካሪ የነበረው ኮርያዊው ሐኪም ሂዩን ቦንግ-ሃክ እና የመርከብ ጭነቱን ይቆጣጠር የነበረው የባሕር ወለድ ጦሩ ኮሎኔል ኤድዋርድ ፎርኒ ሕዝቡም እንዲወጣ ደጋግመው ወተወቱት። አልሞንድ በመጨረሻ ፈቀደ። እስከ ዲሴምበር 24 ድረስ 105,000 ያህል ወታደሮች፣ ወደ 98,000 የሚጠጉ ሲቪሎች፣ 17,500 ተሽከርካሪዎችና 350,000 ቶን ዕቃ ከወደቡ ወጥተዋል።

ጭነቱ

ሜሬዲት ቪክቶሪ ወደ ሁንግናም መጀመሪያ የመጣችው በአቅራቢያው ለነበረ የአውሮፕላን ማረፊያ የጄት ነዳጅ ይዛ ነበር። ማረፊያው ግን ሊለቀቅ ስለሆነ ነዳጁን ፑሳን ወስዳ እንድታራግፍ ታዘዘች። ማራገፉ ሳያልቅ፣ 300 ቶን ያህል ነዳጅ በሆዷ እያለ፣ ወደ ሁንግናም እንድትመለስ ትእዛዝ መጣ። ይህ ዝርዝር የኋላውን ታሪክ ሲያነቡ መዘንጋት የለበትም፤ ስደተኞቹ የተጫኑት በነዳጅ ላይ ነው።

በሁንግናም የጦር መኮንኖች ወደ መርከቧ ወጥተው ስደተኞችን ትወስድ እንደሆነ ካፒቴኑን ጠየቁት። ጠየቁት እንጂ አላዘዙትም። መርከቧ የንግድ መርከብ ስለሆነች ሰው እንድትጭን ሊያስገድዷት ሥልጣን አልነበራቸውም። ላሩ ያለ ማንገራገር ተስማማ፤ የሚችለውን ያህል እንደሚወስድ ነገራቸው። እምቢ ለማለት በቂ ምክንያት ነበረው። መርከቧ ሐኪም የላትም፤ አስተርጓሚ የላትም፤ ለሺዎች የሚበቃ ምግብና ውኃ የላትም። ከወደቡ ውጭ ያለው ባሕር በፈንጂ የታጠረ ሲሆን፣ ሜሬዲት ቪክቶሪ ፈንጂ የምታይበት መሣሪያ አልነበራትም። አልቀበልም ቢል ኖሮ የሚከሰው ሕግ አልነበረም።

ጭነቱ የተጀመረው ዲሴምበር 22 ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሰዎቹ የወረዱት ዕቃ እንደሚወርደው ነው። በእንጨት መድረክ ላይ በቡድን እየቆሙ በክሬን ወደ ዕቃ ክፍሎቹ ተላኩ። ታችኛው ደርብ ሲሞላ ክዳን ተገጥሞበት ከላዩ ያለው ደርብ ይሞላል፤ እንዲህ እያለ እስከ ላይኛው ወለል ደረሰ። ክፍሎቹ በሙሉ ሲሞሉ የቀሩት በላይኛው ወለል ላይ ቆሙ። እናቶች ሕፃን በጀርባቸው አዝለው፣ ትልልቆቹን በእጃቸው ይዘው ነበር። ከስደተኞቹ አንዳንዶቹ የመጡት ከቁስለኛ ዘመድ ጋር ነው፤ የስፌት መኪናና የሙዚቃ መሣሪያ ተሸክሞ የመጣም ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን የቻይና ጦር ከወደቡ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ነበር። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የጦር መርከቦች፣ ግዙፏን ሚዙሪን ጨምሮ፣ ከባሕር ወደ ተራሮቹ ይተኩሱ ስለነበር ጥይቱ በሚጫነው ሕዝብ አናት ላይ ያልፋል።

በማግስቱ ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ላይ መርከቧ ከወደቡ ተላቀቀች። በ14 ሰዓት ውስጥ 14,000 ያህል ሰው፣ ማለትም በአማካይ በየደቂቃው 17 ሰው፣ ተጭኖ ነበር። ቁጥሩ ግምት ነው፤ ስም ዝርዝር የያዘ አልነበረም። በማግስቱ፣ በዲሴምበር 24፣ የቀረው የወደብ መሣሪያ ለጠላት እንዳይውል በፈንጂ ጋየ። በወደቡና በመንገዱ ላይ የቀረው ሕዝብም ብዙ ነበር። ብዙ ቤተሰቦች በዚያ ሰሞን ለጥቂት ቀን ነው ብለው የተለያዩት ለዕድሜ ልክ ሆኖባቸዋል።

ሦስት ቀን በባሕር ላይ

ከሁንግናም እስከ ፑሳን ያለው መንገድ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመርከቧ ላይ 47 መኮንኖችና ሠራተኞች ስለነበሩ ለአንድ መርከበኛ 300 ያህል ስደተኞች ይደርሱታል። በዕቃ ክፍሎቹ ውስጥ የነበሩት ተጠጋግተው ከመቆም በቀር መቀመጫ አልነበራቸውም፤ የሚተነፍሱትም ከላይ በሚገባው አየር ነው። ወለሉ ላይ የነበሩት ደግሞ ከዜሮ በታች በሆነ ብርድ ንፋሱን ተቋቋሙት። መርከበኞቹ የራሳቸውን ልብስና ከጓዳቸው ያለውን ምግብ አካፈሉ፤ ለሁሉ ግን አልበቃም።

በጉዞው መካከል ሠራተኞቹን ክፉኛ ያስደነገጠው ነገር ከውስጥ የመጣ ነው። ከስደተኞቹ አንዳንዶቹ ብርዱን ለመከላከልና ለማብሰል እሳት ማንደዳቸው፣ እሳቱንም ያነደዱት በነዳጅ በርሜሎች ላይ መሆኑ ተደረሰበት። የጋራ ቋንቋ ስላልነበረ መርከበኞቹ በምልክትና በጩኸት አስረድተው እሳቱን አስጠፉ።

በጉዞው አምስት ሕፃናት ተወለዱ። ሐኪም ስላልነበረ ከመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ያለፈ ሙያ የሌላቸው መርከበኞችና ከስደተኞቹ መካከል የነበሩ እናቶች አዋለዱ። አሜሪካውያኑ የኮርያ ስም ስለማያውቁ ሕፃናቱን በታወቀው የኮርያ ምግብ «ኪምቺ አንድ» «ኪምቺ ሁለት» እያሉ እስከ አምስት ጠሯቸው። የሞተ ሰው አልነበረም። የተሳፈረው ሕዝብ ከወረደው ሕዝብ በአምስት ያንሳል።

በዲሴምበር 24፣ በፈረንጆች የገና ዋዜማ፣ ፑሳን ደረሱ። ከተማዋ ግን ከየአቅጣጫው በመጡ ስደተኞች ተጨናንቃ ስለነበር ባለሥልጣናቱ አናወርድም አሉ። ላሩ ጥቂት ምግብና አስተርጓሚዎች አገኘ፤ ሕዝቡን ግን እንደያዘ ወደ ደቡብ ምዕራብ ወዳለችው ጌኦጄ ደሴት እንዲሄድ ተነገረው። ሕዝቡ የወረደው ዲሴምበር 26 ነው። መርከቧ የምትጠጋበት ወደብ ስላልነበረ ሰዎቹ በባሕሩ ላይ ወደ ሌሎች አነስተኛ የማረፊያ መርከቦች እየተላለፉ ወደ የብስ ደረሱ።

ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ግንኙነት

የኢትዮጵያው ቃኘው ሻለቃ ከጅቡቲ በአሜሪካ መርከብ ተጉዞ ፑሳን የደረሰው ይህ ከሆነ ከአራት ወር በላይ ቆይቶ፣ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያውያን በሁንግናም አልነበሩም። ነገር ግን ቃኘው የተመደበበት የአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር በቾሲን ተከቦ ከባድ ጉዳት ከደረሰበት በኋላ በሁንግናም በኩል በባሕር የወጣው ነው። ቃኘው በሥሩ የተሰለፈበት 32ኛ ክፍለ ጦርም (ሬጅመንት) በዚያ ውጊያ ውስጥ ነበር። የእኛ ሰዎች ሲደርሱ ጎናቸው የተሰለፉት ወታደሮች ብዙዎቹ ያንን ክረምት ያዩ ነበሩ ማለት ነው።

ካፒቴን ላሩ

ላሩ ከጦርነቱ በኋላ ባሕሩን ተወ። በ1954 በኒው ጀርሲ ግዛት፣ ኒውተን በሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ የቤኔዲክት ገዳም መነኮሰ፤ «ወንድም ማሪነስ» የሚል ስምም ወሰደ። በገዳሙ ከ40 ዓመት በላይ ሲኖር ስለ ሁንግናም ብዙም አያወራም ነበር። ስለ ጉዞው በተናገረባቸው ጥቂት ጊዜያት መርከቧን የመራው እግዚአብሔር መሆኑን እንጂ የራሱን ችሎታ አላነሣም።

ገዳሙ በስተመጨረሻ መነኮሳት አንሰውት ሊዘጋ ሲቃረብ፣ እንዲረከቡት የመጡት በደቡብ ኮርያ የዌግዋን ገዳም መነኮሳት ናቸው። ላሩ ያረፈው በዚያው ዓመት፣ በኦክቶበር 2001 ነው። በ2019 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ለቅድስና የሚያበቃውን ምርመራ ጀምራ «የእግዚአብሔር አገልጋይ» የሚለውን ማዕረግ ሰጥታዋለች።

ሽልማትና መታሰቢያ

የደቡብ ኮርያ መንግሥት በ1958 ለመርከቧ ፕሬዚዳንታዊ የምስጋና ሽልማት ሰጠ። በ1960 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት መርከቧን «ጀግና መርከብ» ብሎ ሰየማት፤ ላሩም የንግድ መርከበኞች ሜዳይ ተሸለመ።

ከስደተኞቹ መካከል የሙን ጄ-ኢን ወላጆች ነበሩ። ሙን በ1953 በጌኦጄ ደሴት ተወልዶ በ2017 የደቡብ ኮርያ ፕሬዚዳንት ሆነ። በዚያው ዓመት አሜሪካን ሲጎበኝ በቨርጂኒያ ወደሚገኘው የቾሲን ውጊያ መታሰቢያ ሐውልት ሄዶ ከመርከቧ መኮንኖች አንዱ ከነበረው ሮበርት ለኒ ጋር ተገናኝቷል። በ2014 የወጣውና በደቡብ ኮርያ ከፍተኛ ተመልካች ያገኘው «ለአባቴ» የሚል ትርጉም ሊሰጠው የሚችለው ፊልምም የሚጀምረው በሁንግናም ስደት ነው። በጌኦጄ በቀድሞው የጦር ምርኮኞች ካምፕ ቦታ ላይ ለስደቱ የቆመ መታሰቢያ አለ።

ቪየትናምና ፍጻሜ

ሜሬዲት ቪክቶሪ በ1952 ከሥራ ወጥታ በዋሽንግተን ግዛት ብሬመርተን ከተጠባባቂ መርከቦች ጋር ቆመች። በ1966 ለቪየትናም ጦርነት ተመልሳ ተጠራችና እስከ 1973 ድረስ ጭነት አመላለሰች። ይህ ዘመን እምብዛም አይነገርለትም፤ እንደ ሌሎቹ መቶ ያህል ቪክቶሪዎች ጥይት፣ ስንቅና መለዋወጫ ማመላለስ ነበር ሥራው። በዚያው ጊዜ ግን እሷን የመሳሰሉ መርከቦች ጊዜ እያለፈባቸው ነበር። ዕቃን በክሬን በየቁራጩ መጫን ቀናት ይፈጃል፤ ኮንቴይነር የሚጭኑት አዳዲስ መርከቦች ደግሞ ይህንኑ በሰዓታት ይጨርሱታል።

ከቪየትናም በኋላ በካሊፎርኒያ ሱሱን የባሕር ወሽመጥ ውስጥ 20 ዓመት ቆመች። በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጣ በቻይና ተበታተነች። በሁንግናም የሸሸችው ከቻይና ጦር መሆኑን ለሚያስታውስ ነገሩ ያስገርማል፤ ሽያጩ ግን የብረት ገበያ ጉዳይ ብቻ ነበር።

ምን እንደምትመስል ማየት የሚፈልግ ሰው ሌን ቪክቶሪ የተባለችውን መርከብ ማየት ይችላል። በዚያው በካልሺፕ፣ በዚያው በ1945 የተሠራች ናት። እሷም በዲሴምበር 1950 ከሌላው የሰሜን ኮርያ ወደብ፣ ከወንሳን፣ 7,000 ያህል ስደተኞችን አውጥታለች። ዛሬ በሎስ አንጀለስ፣ ሳን ፔድሮ ወደብ፣ የሙዚየም መርከብ ሆና ቆማለች።